ሰንጋው አስተንፍስን የዘለለ ዕለት

የጊዮርጊስ ቅዳሴ ወንጌሉ ላይ ሲደርስ አንድ ተረኛ ፖሊስ በምእመናኑ መሐል ተሽሎክልኮ መጣና የመቶ አለቃ አገኘሁን ነጠላ ከኋላ ጎተተ። መቶ አለቃው አልዞረም። የባሕር ዳር ወንጀል ምርመራ ሹም ከሆነ ወዲህ ቅዳሴ ጀምሮ የጨረሰበት እሑድ ቢቆጠር ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም፤ ይችን ወንጌል ግን በምንም አልለውጥም ብሎ ነበር ከቤቱ የወጣው። ሁለተኛ ሲጎተት ዐይኑን ጨፈነ። ሦስተኛ ሲጎተት፣ ሌቦቹ እንኳ ሰንበት ሊያከብሩ አልቻሉም ብሎ በልቡ እያማረረ ጫማውን ፍለጋ ወጣ።

የተሰረቀው መቶ ኩንታል በቆሎ ነው። ጊዜው ጥር 1977፣ በሰሜን ሰው በረሃብ የሚረግፍበት፣ ከመራዊ የሚጫን እያንዳንዱ ጆንያ ለተራበ ወገን ተብሎ በዐይን የሚጠበቅበት ወቅት ነበር። እህሉን የጫነው ሰንጋው የሚባለው ትልቁ የመንግሥት የጭነት መኪና ነው። ቅዳሜ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ደረሰ፤ ጫኝና አውራጆቹ ወደየቤታቸው ሄደው ስለ ነበር ሸራው በብረት ቅስቶቹ ላይ እንደ ድንኳን እንደ ተወጠረ ከሐይቁ ዳር ካለው መጋዘን ግቢ ገብቶ አደረ። እሑድ ማለዳ ሾፌሩ አንዳርጋቸው የሸራውን ገመድ ላጠብቅ ብሎ ብቅ ሲል፣ ሸራው በቢላዋ ተተርትሮ አገኘሁት አለ። ከሥሩ ያለው የሐይቅ ነፋስ ብቻ ነበር።

መቶ አለቃው ሲደርስ የግቢው ዘበኛ አለበል የፊጥኝ ታስሮ መኪናው ጎማ ሥር ተቀምጧል። ሽበቱን አቧራ አልብሶታል፤ ከንፈሩ በአንድ ወገን አብጧል። ከራስጌው ካድሬው ጓድ ፅጌ ቆሟል። ይህ ሰው እናቱ ያወጣችለት ስም ፅጌ ማርያም ነበር፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ሲመጣ ማርያምን መንገድ ላይ አራግፏት የመጣ ይመስል፣ በሙሉ ስሙ የጠራውን ሰው በክፉ ዐይን ያየዋል።

ለጓድ ፅጌ ነገሩ አልቋል። በበሩ በኩል መውጫ የለም፤ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሌሊቱን ሙሉ መንገዱን ዘግቶ ነበር። ስለዚህ እህሉ የሄደው በሐይቁ ነው። በሐይቁ ከሄደም ዘበኛው አብሯል። መቶ አለቃው ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ቢጠይቀው፣ ምን የሚያሳስብ ነገር አለ ብሎ ተቆጣ።

"ይሄ ስርቆት አይደለም፣ አሻጥር ነው" አለ። "የነገ ሳምንት፣ ሰኞ፣ ሰውየውን ተረክቤ ወደ በላይ እልከዋለሁ። ያንተ ሥራ ግብረ አበሮቹን ማግኘት ነው።"

መቶ አለቃው ያችን ቃል ያውቃታል። በስርቆት የተከሰሰ ሰው ታስሮ ይወጣል፤ በአሻጥር ስም የሄደ ሰው ግን ቤተ ሰቡ ልብሱን የሚረከብበት ደጅ እንኳ ሲያጣ አይቷል። ቁጢጥ ብሎ ከሽማግሌው ፊት ተቀመጠ።

"አባቴ፣ ሌሊት እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር?"

"አልተኛሁም፣ ጌታው።"

"ጓድ በል" አለ ጓድ ፅጌ ከላይ።

"አልተኛሁም፣ ጓድ ጌታው። ጉማሬዎቹ ከሐይቁ ወጥተው ሣር ሲነጩ ስሰማ አደርሁ። የጉማሬ ማኘክ የሰማ ጆሮ መቶ ኩንታል ሲራገፍ እንዴት ይስታል?"

ጓድ ፅጌ በራሱ አፍ መሰከረ ብሎ ሣቀ። ሽማግሌው ተኝቼ ነበር ቢል ሰነፍ ተብሎ ሥራውን ያጣ ነበር፤ ነቅቼ ነበር በማለቱ አንገቱን ለገመድ አቀረበ። ሰው ነፍሱን ለማዳን አንዲት ትንሽ ውሸት እንዴት ይጠፋዋል? ግን ደግሞ ሰንበት ነውና፣ መቶ አለቃው ይህን በማሰቡ እንኳ ደንግጦ አማተበ።

በማግስቱ በጀልባ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ወደ ቁንዝላ ተሻገረ። የጓድ ፅጌ ጥርጣሬ በነጋዴው በዓብደላ ላይ ነበር፤ በዚያ አካባቢ ጭነት የሚችል የሞተር ጀልባ ያለው እሱ ነው። ማዕበሉ መቶ አለቃውን ደሴቶቹን እስኪያልፍ ሲያስመልሰው፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሚያስመልሰው ነገር ጠፍቶ ሲያስጓራው ዋለ። ሲደርስ የዓብደላ ጀልባ ከአሸዋው ላይ ተጎትታ ወጥታለች። ሞተሯ ብሎን በብሎን ተፈትቶ ማዳበሪያ ላይ ተዘርግቷል።

ዓብደላ ወንበር አስመጣለት፤ ውኃም አስመጣለት። ሞተሩ ከጥምቀት በፊት ጀምሮ እንዲህ እንደ ሆነ፣ ቁንዝላም በሙሉ እየመጣ ምክር እንደ ሰጠው፣ ምክሩ ከብሎኖቹ እንደ በዛ እያዋዛ ነገረው።

"በታንኳ ነው እንዳይሉኝ ደግሞ" አለ ዓብደላ። "አንዲት የደንገል ታንኳ ሁለት ኩንታል ከጫነች ቀዛፊው በዋና ነው የሚከተላት። ሃምሳ ታንኳ ያስፈልግዎታል፣ መቶ አለቃ። ሃምሳ ታንኳ በአንድ ሌሊት ከወጣማ ጥምቀት ነው እንጂ ስርቆት አይባልም።"

መቶ አለቃው ሣቁ ሊመጣ ሲል የመመለሻው ማዕበል ትዝ አለውና ተወው። ወደቡ ላይ ያገኛቸው ሁሉ የዓብደላን ቃል አጸኑ። በሐይቁ የሚባለው ወሬ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ሰጠመ። በሐይቁ ካልሄደ፣ በበሩም ካልወጣ፣ መቶ ኩንታል እህል ወደ ሰማይ ነው የሄደው።

ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ጣቢያው ሲመለስ በደረጃው ላይ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ከጎኗ ለሁለት የተከፈለ የወፍጮ ድንጋይ ግማሹ ተጋድሟል። ስሟ የብርጓል ነው። ከመሸንቲ ወዲህ አስተንፍስ ከሚባለው ዳገት አናት ካለች መንደር ነው የመጣችው፤ ድንጋዩን ያን ሁሉ መንገድ ተሸክማው።

የመጣችው ልትከስ ነው። አስተንፍስ ሥር ጠባብ ድልድይ አለ፤ ዳገቱ ከድልድዩ ራስ ይጀምራል። የመንደሯ ሴቶች ከመሸንቲ ገበያ ሲመለሱ እዚያ ቆመው ከመራዊ የሚመጣ የጭነት መኪና ይጠብቃሉ። ሲደርስ ሸክማቸውን ይሰቅላሉ፣ ጉልበት ያላት ራሷም ትንጠላጠላለች፣ አናቱ ላይ ሲደርሱ ይወርዳሉ። እናቶቻቸውም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ያን ቅዳሜ እሷ አዲስ ወፍጮ ገዝታ ዳገቱ ሥር ቆመች። ሰንጋው መጣ። ድንጋዩን አንሥታ ልትሰቅል ስትል መኪናው አመለጣት፤ ድንጋዩ ከእጇ ወድቆ ለሁለት ሆነ። እና አሁን ፖሊስ ሾፌሩን ይዞ ወፍጮዋን ያስተካላት።

"እናቴ" አለ መቶ አለቃው፣ ግንባሩን እያሸ፣ "እኔ የሰው ነፍስ ጉዳይ ይዣለሁ።"

"ወፍጮስ? ልጆቼ ድንጋዩን ሊቆረጥሙት ነው?"

ነገ ይምጡ አላት። እንዳትመጣ ነበር የፈለገው።

አንዳርጋቸው ደግሞ ለጥያቄ ሲጠራ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሰላምታውን አሳምሮ መጣ። ከመራዊ ከቀትር በፊት ወጣሁ አለ፤ መጫኑን ያየ ሰው ሞልቷል። ረዳቱ ልቅሶ ስላለበት እዚያው ቀረ። መሸንቲ አጠገብ ጎማ ፈነዳበትና ብቻውን ሲታገል ዋለ፤ ለዚህ ነው የመሸበት። መኪናውን ግቢ አስገብቶ ቁልፉን ሰጥቶ ከወጣ በኋላ ማታውን ቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ከዚያም ከጎረቤቶቹ ጋር ነበር። መቶ አለቃው የመሰከሩለትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀ፤ አንዱም አልተዛነፈም። በመጨረሻ፣ ለነገሩ ያህል፣ ስለ ሴትዮዋ ወፍጮ አነሣበት።

"ሰው መጫን ክልክል ነው፣ መቶ አለቃ። መመሪያ ነው" አለ አንዳርጋቸው።

ጓድ ፅጌ ራሱን በእሽታ ነቀነቀ፤ እንዲህ ያለ ሾፌር ነው አገሪቱ የጠፋባት አለ።

የጎማውን ነገር ለማጣራት መቶ አለቃው ሰንጋው ወደሚጠገንበት ጋራዥ ወረደ። የመካኒኮቹ አለቃ ሙሔ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን ከእጁ የሚቀድም ሰው። ጎማው በእውነትም ተቀዷል። ይህን ለማለት አንዲት ቃል ትበቃው ነበር፤ ሙሔ ግን መቶ አለቃውን ክንዱን ይዞ ስለ ሰንጋው ሞተር ያስተምረው ጀመር። ይህ መኪና ድሮ ከታች ጉልበት አልነበረውም። ፍጥነት ይዞ ሲሮጥ የሚያህለው የለም፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ግን ነዳጅ ብትሰጠው እንደ ሰነፍ ሎሌ ነው፣ ጠርተኸው አቤት እስኪል ይመሻል።

"አሁን የነዳጅ ፖምፓውን እኔ በእጄ አስተካከልሁት" አለ ሙሔ። "ይኸው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ መቶ ኩንታል ጭኖ አስተንፍስን በሦስተኛ ማርሽ ይወጣዋል። እግርህን ስታስነካው ነው የሚዘል።"

መቶ አለቃው አመስግኖ ክንዱን አስለቀቀ። ስለ ሌባ ሊጠይቅ ሄዶ ስለ ፖምፓ ተምሮ ተመለሰ። ቁንዝላ ቢሄድ ምክር፣ ጋራዥ ቢሄድ ትምህርት፣ ጣቢያ ቢቀመጥ ወፍጮ። በዚህ አገር የጠየቅኸውን ብቻ የሚመልስልህ ሰው ያ የታሰረው ሽማግሌ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚገድለው ይኸው ነው።

ቀኖቹ አለቁ። ዓርብ ጠዋት አለበልን ሊያየው ወረደ። ሽማግሌው ውዳሴ ማርያም በቃሉ እየደገመ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ ሚስቱ አገርነሽ ሰኞ ስንቅ ይዛ እንዳትለፋ ይነገርልኝ አለ። መቶ አለቃው በሩን ዘግቶ ወጣ።

ደረጃው ላይ የብርጓል ቁጭ ብላለች። የዛሬው ይባስ፣ ሁለት ጎረቤቶቿን ለምስክር አስከትላ።

ቁጣው ገነፈለ። ሾፌሩ እንዳይጭን ታዟል፣ መመሪያ አለ፣ መብቱ ነው፤ ሌላ ሾፌር ለምኑ አላት።

የብርጓል አስተዋለችው። የተናደደ ልጇን እንደምታይ ነበር አስተያየቷ።

"ማን ለመነ?" አለች። "እኛን የሚጭነን ሾፌር ማን አለ? ሁሉም ይከለክለናል፣ ሁሉም ይሰድበናል። እየሰደበን እንወጣለን። ያ ድልድይ ያቀዘቅዘዋል፣ ዳገቱ ይይዘዋል፤ ከአህያ አይፈጥንም እኮ። አንዳርጋቸውም ሁልጊዜ ከለከለን፤ ሁልጊዜም ወጣን። ያን ቅዳሜ ነው ድልድዩን እንደ ተሻገረ እንደ ሰጋር በቅሎ የዘለለው።"

መቶ አለቃው ቀስ ብሎ ከጎኗ፣ እዚያው ደረጃው ላይ፣ ተቀመጠ። ድንጋዩን ዳሰሰው። የሆነ ነገር ውስጡ ብልጭ አለና ወዲያው ሙሔ ትዝ አለው፤ ፖምፓው። መኪናው እንደሚባለው ከታች ጉልበት አውጥቶ ከሆነ የሴትዮዋ ነገር ባዶ ነው፤ ሙሔ ጉራውን ነዝቶ ከሆነ ግን… የአንድ ሰው ነፍስ በአንድ መካኒክ ጉራ ላይ ተንጠልጥላ ቀርታለች።

ጓድ ፅጌን ለማሳመን ልመናም ቁጣም ፈጀበት። በመጨረሻ ያሸነፈው አንድ ቃል ነው፤ ቅዳሜ አብረኸኝ መራዊ ና፣ የምፈልገውን ካላሳየሁህ ሰኞ ዘበኛውን እኔው ራሴ ፈርሜ አስረክብሃለሁ አለው።

ቅዳሜ ሰንጋው ከመራዊ እንደ ልማዱ መቶ ኩንታል ጫነ። አንዳርጋቸው መሪውን ያዘ፤ ጓድ ፅጌ ጋቢናው መሐል ተጨናንቆ ተቀመጠ፤ መቶ አለቃው በመስኮቱ በኩል። ሙሔ ፖምፓውን ራሴ እሰማዋለሁ ብሎ ከጆንያዎቹ ላይ ወጣ። መቶ አለቃው የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አስተንፍስን እንደ ዛሬ ሳምንት ይወጣው ዘንድ። አንዳርጋቸው እሺ አለ፤ ፖምፓው ታድሷል እኮ አለ። መሸንቲን ሲያልፉ ግን ወደ ቀኝ አንድም ጊዜ ዞር አላለም። ሰው የሚያውቀውን መንደር እንዲህ ተጠንቅቆ ሳያየው አያልፍም።

ድልድዩ መጣ። ከጎንና ከጎኑ የተረፈው ክንድ አይሞላም፤ ሰንጋው እንደ ነፍሰ ጡር እየተራመደ ተሻገረው። ዳገቱ ሥር የመሸንቲ ገበያተኞች ሸክማቸውን ይዘው ቆመዋል። አንዳርጋቸው ከንፈሩን ነክሶ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጠው።

ሰንጋው አሰበበት። ቆይቶ ጥቁር ጢስ ተፋ። ቆይቶ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ነው የተንቀሳቀሰው። አንዳርጋቸው ሦስተኛ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ እንደ ታነቀ ሰው ተንዘፈዘፈና ሊጠፋ ሲል ወደ ሁለተኛ መለሰው፤ ያም አልበጀም፤ ወደ አንደኛ ወረደ። ሾፌሩ ላቡ በአገጩ ወረደ። በመስኮቱ በኩል የብርጓል ታየች፤ በእግሯ ነበር፣ ሳትቸኩል።

"እንዴት ዋሉ፣ መቶ አለቃ" አለችና ቀደመቻቸው።

ከኋላ ሸክሙ አንድ በአንድ ጆንያው ላይ ሲያርፍ ተሰማ። ሴቶቹ ተሳሳቁ። ሙሔ ከላይ ሆኖ ፖምፓው አይደለም፣ መንገዱ ነው ብሎ ሲከራከር አንዷ የዶሮ ቅርጫቷን እንዲይዝላት ሰጠችው።

"ከልክላቸው እንጂ፣ አንዳርጋቸው" አለ መቶ አለቃው። "መመሪያ ነው።"

አንዳርጋቸው በልማድ አንገቱን በመስኮት አወጣ። መልሶም አስገባው።

"የዛሬ ሳምንት እንዴት ከለከልሃቸው?"

መቶ አለቃው ድምፁን ሳያነሣ ቀጠለ። ይህን ዳገት መቶ ኩንታል ይዞ የሚዘል መኪና የለም፤ ታድሶም አየነው። ያን ቅዳሜ ሰንጋው የዘለለው ባዶ ስለ ነበር ነው። ቀስ ልበል እንዳትል ደግሞ ሴቶቹ ይወጣሉ፤ ከወጡ ሸራውን ይገልጣሉ፤ ከገለጡ ባዶውን ያያሉ። እህሉ ከመጋዘኑ ግቢ አልወጣም፤ ድሮም አልገባም። ሽማግሌው ሲራገፍ ያልሰማው የሚራገፍ ስላልነበረ ነው። ረዳትህን ለልቅሶ ያሰናበትኸው፣ ጎማህን የቀደድኸው፣ ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድመህ መጥተህ ሸራውን የተረተርኸው አንተ ነህ።

ዳገቱ አናት ሲደርሱ አንዳርጋቸው መኪናውን አቁሞ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ።

"መሸንቲ ነው" አለ። "አማቴ ጓሮ፣ ገለባ ሥር።"

"ሽማግሌው ሊሞት እንደ ነበር ዐውቀሃል?"

"መጀመሪያ አላወቅሁም። ይገረፍና ይለቀቃል ብዬ ነበር። በኋላ ዐወቅሁ።"

"ታዲያ?"

"ፈራሁ።"

ጓድ ፅጌ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። ፊቱ ቀልቷል። "አሻጥር!" አለ። "ይሄ ነው አሻጥር። ሰኞ እሱን እልካለሁ።"

መቶ አለቃው በጣም ደክሞት ነበር። ሐይቁ፣ ጋራዡ፣ ወፍጮው፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣበት።

"ሌብነት ነው፣ ጓድ ፅጌ ማርያም" አለ። "እህሉ ይመለሳል፣ ሌባው በሌባ ፍርድ ይታሰራል። አሻጥር ነው ካልህ ግን፣ ሳምንት ሙሉ አሻጥረኛውን ጎበዝ ሾፌር እያልህ ስታመሰግን፣ ዘበኛውን ስትደበድብ መክረምህንም ለበላይ አካል አብረን እንጽፋለን።"

ጓድ ፅጌ ስለ ስሙ አልተቆጣም። እጁን ከሽጉጡ አነሣ። ሴቶቹ ሸክማቸውን ሲያወርዱ እያየ፣ "ሌብነት ብለህ ጻፈው" አለ።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በሁለተኛው እሑድ የጊዮርጊስ ቅዳሴ ወንጌሉ ላይ ሲደርስ የመቶ አለቃ አገኘሁ ነጠላ ከኋላ ተጎተተ። አልዞረም። ሁለተኛ ተጎተተ፤ ጥርሱን ነከሰ። ወንጌሉ ተነቦ አልቆ፣ ተሳልሞ ዞር ሲል አለበል ነው፤ ሽበቱ ታጥቦ፣ ከንፈሩ ድኖ፣ ከአገርነሽ ጎን ቆሟል።

"ወንጌል ሲነበብ ሰው አይጎተትም፣ አባቴ" አለው መቶ አለቃው።

"እኔም እሱን ፈርቼ ሦስተኛ አልደገምሁም" አለ አለበል። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። "ትናንት መሸንቲ ወርጄ ወፍጮ ገዛሁ፤ ለዚያች ሴትዮ። የእሷ ድንጋይ ባይሰበር የኔ አንገት ነበር የሚሰበር። ተሸክሜ ዳገቱ ሥር ቆምሁና መኪና ሲመጣ ሰቀልሁት።"

"ሾፌሩ ዝም አለዎት?"

"ኧረ እናቴን ሳይቀር ነው የሰደበኝ" አለ ሽማግሌው፣ ፊቱ በደስታ እየበራ። "እስከ አናቱ ድረስ።"